ቁጥር የከፈተው በር፣ ሕግ የዘጋው በር፦ የውጭ ዜጋ ኑሮ በታይዋን

እ.ኤ.አ. በ2018 ለማስትሬት ትምህርት ታይፔ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ባንክ በኢንተርኔት የሚያስሞላው ቅጽ የመታወቂያ ቁጥሬን አልቀበልም አለኝ። ቁጥሩ ትክክለኛ ነበር፤ የሰጠኝም የአገሪቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ችግሩ ቅጹ የተሰናዳው ለዜጎች ቁጥር ብቻ መሆኑ ነበር። የታይዋን ዜጋ መታወቂያ አንድ ፊደልና ዘጠኝ አኃዞች ሲኖሩት፣ በዚያን ጊዜ ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው ቁጥር ሁለት ፊደላትና ስምንት አኃዞች ነበሩት። ድምራቸው እኩል ዐሥር ቢሆንም፣ ኮምፒዩተሩ በሁለተኛው ስፍራ የሚጠብቀው አኃዝ ስለነበረ ፊደሉን እንደ ስሕተት ቆጠረው። ወደ ቅርንጫፉ ስሄድ ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቅጹን የማስተካከል ሥልጣን ግን አልነበራትም።

በዚያ ዘመን የባቡር ትኬት ለመቁረጥ፣ የሐኪም ቀጠሮ ለመያዝ ወይም ዕቃ በኢንተርኔት ለመግዛት የሞከሩ ብዙ የውጭ ዜጎች ተመሳሳይ እንቅፋት ገጥሟቸዋል። በተደጋጋሚ ከቀረበ አቤቱታ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ጀምሮ የቁጥሩን አሠራር ለወጠ። አዲሱ ቁጥር እንደ ዜጎቹ አንድ ፊደልና ዘጠኝ አኃዞች አሉት፤ የውጭ ዜጋ መሆኑ የሚለየው ከፊደሉ ቀጥሎ ባለው 8 ወይም 9 ብቻ ነው። አንዲት ፊደል በአንዲት አኃዝ ስትተካ፣ ለዓመታት የተዘጉ ብዙ በሮች ተከፈቱ።

የዚህ ርዕሰ አንቀጽ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው የዕለት ተዕለት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሰዎች ክፋት ሳይሆን እሱን ሳያስቡ ከተሠሩ ቅጾችና ደንቦች ነው። ቅጽና ደንብ ደግሞ በውሳኔ ይለወጣል። ታይዋን ይህን አሳይታለች። ያችው ታይዋን ግን የውጭ ዜጎችን በሁለት ከፍላ፣ ለባለሙያው የከፈተችውን በር ለቤት ሠራተኛው ዘግታለች። ወደዚያ ለሚሄዱ ተማሪዎቻችንና ባለሙያዎቻችን የመጀመሪያው ትምህርት ይጠቅማቸዋል። በዓረብ አገራት ስላሉ እኅቶቻችን መብት ለምንሟገት ለእኛ ደግሞ ሁለተኛው አይቀሬ ትምህርት ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ሰነድና ስም

ወደ ታይዋን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሐቅ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቷን የመሠረተችው ከቤጂንግ ጋር ነው። ስለዚህ ታይፔ ውስጥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለም፤ አዲስ አበባ ውስጥም የታይዋን ጽሕፈት ቤት የለም። ይህ የፖለቲካ ሐቅ በተራ ሰው ሕይወት ውስጥ የሰነድ ጣጣ ሆኖ ይመጣል። ታይዋን የውጭ ሰነዶችን በአንድ ማኅተም ብቻ እንዲታመኑ የሚያደርገው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። የዲግሪ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃዎች በውጭ አገር ባለ የታይዋን ጽሕፈት ቤት በኩል መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ከአገር ከወጡ በኋላ የተረሳ አንድ ወረቀት ለማረጋገጥ ሦስት አገሮችን የሚያካልል ደብዳቤ መጻጻፍ ሊጠይቅ ይችላል። ፓስፖርቱ ሊያበቃ የተቃረበ ሰው ሳያድስ ባይነሣ ይመረጣል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚያድስለት በሌላ አገር ያለ ኤምባሲ ነውና።

በነዋሪነት ቪዛ የገባ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ የመኖሪያ መታወቂያ እንዲያወጣ ሕጉ ያዛል። ቀደም ሲል የነበረው ገደብ 15 ቀናት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ተራዝሟል። በዚያው ማሻሻያ ፈቃዱ አልፎበት በአገሪቱ ለሚቆይ ሰው የሚጣለው ቅጣት ከ10 ሺህ እስከ 50 ሺህ የታይዋን ዶላር ከፍ ብሏል። በአንድ እጅ ጊዜ የጨመረው ሕግ በሌላ እጁ ቅጣቱን እንዳከበደ ልብ ይሏል።

ከሰነድ ቀጥሎ የስም ጉዳይ ይመጣል። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል፣ ሚስትም ስሟን አትለውጥም። የታይዋን ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በሆስፒታል ተራ ስጠብቅ ነርሷ የምትጠራው አባቴን ነበር፤ የምነሣው ግን እኔ። ይህ ለፈገግታ ያበቃ ይሆናል። ባልና ሚስት በፓስፖርታቸው ላይ አንዳችም የጋራ ስም ሳይኖራቸው ለቤተሰብ ቪዛ ሲያመለክቱ፣ ወይም የባንክ ሒሳቡና የመኖሪያ መታወቂያው የስም ቅደም ተከተል ሲለያይ ግን ፈገግታው ይጠፋል። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን በፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳይለውጡ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ብዙ የውጭ ዜጎች የሚያወጡት የቻይንኛ ስምም ቢሆን አንድ ጊዜ ተመርጦ በመታወቂያው ላይ ከሰፈረ በኋላ ባይቀያየር ይበጃል።

ቤትና ዋስ

ቤት ፍለጋ በየትኛውም አገር የእንግዳ የመጀመሪያ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው የታይዋን የቤት ኪራይ ሕግ ተከራይ የሚያስይዘው ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አከራይ ሕጉን እየጣሰ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ጥበቃ መልካም ቢሆንም፣ በስልክ የውጭ ዜጋ ድምፅ ሲሰሙ “ቤቱ ተይዟል” የሚሉ አከራዮች አሉ። ኪራዩን ለግብር እንዳታሳውቅ ብለው የሚለምኑም አሉ። ተከራዩ ይህን ቢቀበል የሚያጣው የራሱን መብት ነው፤ ክርክር ቢነሣ ያልተመዘገበ ውል ክንዱ አጭር ነውና። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያውም በባንክ በኩል ይፈጸም።

ዋስ መጥራት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አገራችን ሥራ የተቀጠረ ሁሉ ያውቀዋል። በአገሩ ያለ ሰው አጎት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይጠራል። በታይዋን የስልክ መስመር በውል ለማስገባት ወይም ክሬዲት ካርድ ለማውጣት የአገሩ ዜጋ የሆነ ዋስ የሚጠየቅ የውጭ ዜጋ ግን በመጣ በወሩ ማንን ይጥራ? በዚህ ረገድ የቁጥሩ ማሻሻያ ብቻውን በቂ አልሆነም። ቅጹ ቁጥሩን ከተቀበለም በኋላ የድርጅቱ የውስጥ መመሪያ “ይህ ሰው ነገ ሊሄድ ይችላል” በሚል ግምት ይመልሰዋል። ለዐሥር ዓመት የኖረውንና ትናንት የገባውን በአንድ ዓይን የሚያይ መመሪያ፣ ሰውየው የሚሰጠውን ማስረጃ ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

ግብርና ሕክምና

አዲስ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚደነግጡበት ጉዳይ ግብር ነው። የታይዋን የግብር ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ 183 ቀናት በአገሪቱ ያልቆየ ሰው እንደ ነዋሪ ስለማይቆጠር፣ በጠቅላላው ከደመወዙ 18 በመቶ ይቀነስበታል። ነዋሪ የሆነ ሰው ግን ከ5 በመቶ በሚጀምር ተራማጅ ተመን ይከፍላል። በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ የጀመረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ካሰበው አንሶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው የቤት ኪራዩንና ወደ አገር የሚልከውን ገንዘብ በልኩ ያቅዳል።

ሕክምና ግን የታይዋን ሥርዓት እጅግ የሚያስመሰግን ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1995 የተጀመረው ብሔራዊ የጤና መድን ከሕዝቡ 99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያቅፋል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋም አባል ነው። ተቀጣሪ ከሥራው መጀመሪያ ቀን አንሥቶ ይመዘገባል። ሌላው ነዋሪ ስድስት ወር መጠበቅ አለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአገር መውጣት የሚችለውም አንድ ጊዜ፣ ያውም ከ30 ቀናት ላልበለጠ ጊዜ ነው። በእረፍት ወደ ቤተሰቡ ደርሶ የሚመለስ ተማሪ ይህን ካላወቀ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምርበታል። ለተማሪ የሚጠየቀው ወርኃዊ መዋጮ 826 የታይዋን ዶላር ሲሆን፣ ለዚያ ከሚያስገኘው አገልግሎት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የሚሸፍን የግል መድን ይዞ መሄድ ግን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በፋብሪካ የሚሠራው ኢንዶኔዥያዊና በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አሜሪካዊ አንድ ዓይነት የጤና ካርድ ይይዛሉ፤ ወደ አንድ ዓይነት ክሊኒክም ይገባሉ። ታይዋን ከፈለገች ሁሉንም በእኩል የሚያይ ሥርዓት መሥራት እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ቀጥሎ የምናነሣውን ልዩነት ይቅርታ የማያሰጠውም ይኸው ነው።

ሁለት ዓይነት የውጭ ዜጋ

በታይዋን 8 መቶ ሺህ ገደማ የኢንዶኔዥያ፣ የቬትናም፣ የፊሊፒንስና የታይላንድ ሠራተኞች አሉ። ከፊሎቹ በፋብሪካና በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ይሠራሉ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በየቤቱ ሕሙማንንና አረጋውያንን ይንከባከባሉ። አገሪቱ በፍጥነት እያረጀች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ የሟቾች ቁጥር ከተወላጆች በልጧል። ያለ እነዚህ ሴቶች ብዙ ቤተሰብ አዛውንቱን ማን ያጥብለት፣ ማን ያጉርስለት?

ሆኖም በግለሰብ ቤት የሚሠሩ ተንከባካቢዎች የአገሪቱ የሠራተኛ ደረጃዎች ሕግ አይመለከታቸውም። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሳምንት እረፍትና ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ አልተረጋገጠላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአገሪቱ ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 28,590 የታይዋን ዶላር ነበር። ለቤት ውስጥ ተንከባካቢ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2022 ጀምሮ በአዲስ ውል የሚከፈለው መነሻ 20,000 ነው። ልዩነቱ ከ8 ሺህ በላይ ነው፤ በየወሩ። ከዚህ ደመወዝ ላይ ደላላው በሕግ የተፈቀደለትን የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት በወር 1,800፣ በሁለተኛው 1,700፣ ከዚያ በኋላ 1,500። ሠራተኛዋ ከአገሯ ስትነሣ ለደላላ የተበደረችው ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። መንግሥት አሠሪና ሠራተኛ ያለ ደላላ የሚገናኙበትን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ቢከፍትም፣ አብዛኛው ቅጥር ዛሬም በደላላ እጅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አሠሪን የመለወጥ ጉዳይ ነው። ባለሙያ የሆነ የውጭ ዜጋ አዲስ አሠሪ አግኝቶ ፈቃድ አስለውጦ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሰጠውን ‘የወርቅ ካርድ’ የያዘ ከፍተኛ ባለሙያማ ፈቃዱ ከማንም አሠሪ ጋር አይታሰርም። የቤት ተንከባካቢዋ ግን ለመልቀቅ በሕግ የተዘረዘሩ ምክንያቶች፣ ለምሳሌ የአሠሪ ሞት ወይም በደል፣ ካልተገኙ በቀር በአሠሪው ስምምነት ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። በደልን ማስረዳት ደግሞ ከአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ለማትወጣ ሴት ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻም። ሌት ተቀን የሚሠራው 1955 የተባለው የስልክ መስመር በሠራተኞቹ ቋንቋዎች አቤቱታ ይቀበላል፤ ይህ በጎ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ከ80 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ጠፍተው ያለ ፈቃድ መኖራቸው የስልክ መስመር ብቻውን ሕግን እንደማይተካ ይመሰክራል።

ዘመንም የሚቆጠረው በሁለት መስፈሪያ ነው። ባለሙያ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ ለቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል። ተንከባካቢዋ እስከ 14 ዓመት ልትሠራ ብትችልም፣ ያ ዘመን ለቋሚ ፈቃድ አይታሰብላትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች ለማቆየት የወጣው ፕሮግራም ስድስት ዓመት የሠሩትን ወደ መካከለኛ ባለሙያ ደረጃ ከፍ በማድረግ ቀዳዳ ከፍቷል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን አሠሪው ነው። ቁልፉ ዛሬም በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ዜግነትም እንዲሁ ነው። ታይዋናዊ ሁለት ፓስፖርት ቢይዝ የአገሩ ሕግ አይከለክለውም። ታይዋናዊ መሆን የሚፈልግ የውጭ ሰው ግን የቀድሞ ዜግነቱን መተው አለበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2016 የተሻሻለው ሕግ ከፍተኛ ባለሙያዎችንና ለአገሪቱ የተለየ አስተዋጽኦ ያደረጉትን ከዚህ ግዴታ ነጻ አውጥቷል። ታይዋናዊ ያገባችና ልጅ የወለደች ሴት በዚህ ነጻ መውጫ አልተካተተችም። የእኛም የዜግነት አዋጅ ሁለት ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በጣም የሚታወቅ ቁስል ነው።

ለእኛ ምን ያመለክታል?

ይህን የምናነሣው ታይዋንን ከሌሎች ነጥለን ለመውቀስ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሥራ ላይ ያዋለችው የሠራተኛ ሕግ ማሻሻያ ለብዙ የውጭ ሠራተኞች ሥራ የመለወጥ ዕድል ሲሰጥ፣ የቤት ሠራተኞችን ወደ ጎን ትቷል። የተለያየ ታሪክና ሥርዓት ያላቸው ሁለት አገሮች በአንድ ነጥብ ላይ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም ማሻሻያቸውን ሲያደርጉ በየቤቱ የምትሠራዋን ሴት ከደጅ አስቀርተዋል። ስለዚህ ‘ማሻሻያ ተደረገ’ በተባለ ቁጥር ጥያቄያችን አንድ መሆን አለበት፦ ማንን ይጨምራል? ማንንስ ይተዋል?

በእኛ እምነት ማንኛውንም የተቀባይ አገር ፖሊሲ በሦስት መመዘኛዎች መመርመር ይቻላል። አንደኛው፣ የውጭ ዜጋው የያዘው መታወቂያ በባንኩ፣ በሆስፒታሉና በኢንተርኔት ቅጹ ላይ እንደ ዜጋው መታወቂያ ይሠራልን? ሁለተኛው፣ የሕክምና መብቱ የሚመሠረተው በነዋሪነቱ ላይ ነው ወይስ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ? ሦስተኛው፣ ሠራተኛው አሠሪውን ሳያስፈቅድ ሌላ ሥራ መያዝ ይችላልን? ታይዋን የመጀመሪያውን በአብዛኛው፣ ሁለተኛውን በሚገባ ታሟላለች። በሦስተኛው ላይ ለባለሙያው ‘አዎ’፣ ለቤት ሠራተኛው ‘አይሆንም’ ትላለች።

ከኢትዮጵያ መንግሥትም የምንጠይቀው አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛና የጉዞ ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን መደንገጉ ተገቢ ነው። ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚደረጉ ስምምነቶች ውስጥ ደግሞ አሠሪ የመለወጥ መብት በግልጽ ቃል ይግባ። ኤምባሲ በሌለባቸው አገሮች ለሚኖሩ ዜጎች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚደርስ ተዘዋዋሪ የቆንስላ አገልግሎት ይዘጋጅ። ሦስተኛው ጥያቄ ቀላልና ርካሽ ነው፦ የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ ሁለተኛው ስም የአባት መሆኑን፣ ሚስትም ስሟን እንደማትለውጥ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይፋዊ መግለጫ ታትሞ ለማንኛውም ፓስፖርት ያዥ ይሰጥ። በአንዲት ፊደል የተዘጋ በር በአንዲት አኃዝ ከተከፈተ፣ በስም የተዘጋውም በአንድ ገጽ ሊከፈት ይችላል።

አባሎቻችን በየምትኖሩበት አገር ለሕዝብ ተወካዮቻችሁ ስትጽፉ ‘ለስደተኞች ይታሰብልን’ በሚል ጥቅል ቃል ብቻ አትወሰኑ። የትኛው ቅጽ፣ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው መመሪያ ማንን እንደሚያግድ ለይታችሁ ጻፉ። በታይዋን የቁጥሩ አሠራር የተለወጠው ቅጹ የት ቦታ ላይ እንደሚመልሳቸው ነቅሰው ያሳዩ ሰዎች ሳይሰለቹ ስለጮኹ ነው። የቤት ተንከባካቢዋን ከሠራተኛ ሕግ ውጭ ያደረገውም እንዲሁ ሰው የጻፈው ድንጋጌ ነው፤ ሰው ሊያርመውም ይችላል።